ታይፎይድ የሌለበት ማነው?

በከተማችን በመካነ ሰላም ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ጉዳዩ ቡና ላይ ታይቶ ያለቀ ነው። በአቦል አንዷ ግንባሩን ዳስሳ «ታይፎይድ ነው» ትላለች። በቶና ሌላዋ ፊቱን ገርመም አድርጋ «ታይፈስም ሳይኖርበት አይቀርም» ብላ ታጸድቃለች። መድኃኒቱም እዚያው ይታዘዛል። እስከ በረካ የሚያከራክረን ነገር ቢኖር ማን ሄዶ ይግዛ የሚለው ብቻ ነው።

ታይፎይድም ታይፈስም የቀልድ በሽታ አይደሉም። በተለይ ቅማል የሚያዛምተው ታይፈስ፣ ብርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ የሚያስደርብበት ደጋ ይመቸዋል። የሚያስቀው ሁለቱም ሁላችን ጋ መገኘታቸው ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዋይል ፊሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራ በ1916 የመጡ ናቸው። የሚያዩት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን ለጀርም ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፤ ስለዚህ ያምናውን ሕመም ከዘንድሮው ለመለየት ይቸገራሉ። የታይፎይድን ነገር በተሻለ የሚናገረው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል፣ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። እኛ ግን «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ካልያዝን የታከምን አይመስለንም። አንዲት ጎረቤቴ «ምንም የለብሽም» ተብላ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «ገንዘቤን ተቀብለው አንድ በሽታ እንኳ አላገኙልኝም!»

ሐኪሙንማ አንምረውም። መርምሮ «ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ትኩስ ነገር እየጠጡ ይረፉ» ያለ እንደሆነ ስሙ ጠፋ። «የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ሻይ ጠጪ ልትለኝ ነው? ሻይማ ቤቴም አለ!» ይሉታል እትዬ። መርፌ የወጋንን ግን ለሁለት ቀን መቀመጥ ቢያቅተንም «እጁ መድኃኒት ነው» ብለን እንመርቀዋለን። ሐኪሙም ሰው ነው፤ ሰልፉ ከበር ውጭ ሲረዝም ከመከራከር ማዘዣ መጻፍ ይቀለዋል። እኛም ማዘዣችንን ይዘን፣ ድል አድርገን እንወጣለን።

መድኃኒት ቤት ስንደርስ ደግሞ ገበያ የወጣን ይመስል ክርክር እንጀምራለን። «አሞክሳሲሊን ስጠኝ፤ ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን፤ ካልተሻለኝ እመለሳለሁ።» ማዘዣ ሲጠየቅ «አምና ለእናቴ የታዘዘው አለ» የሚል አይጠፋም። በቀን ሦስቴ የተባለውን በረመዳን በስሁርና በኢፍጣር፣ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደራርበን እንውጠዋለን፤ ሐኪሙ ቢጠየቅ በጾሙ ልክ ሊያስተካክልልን ይችል ነበር፣ ግን ማን ጠይቆት! በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለን እናቆማለን። የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ክፉ ቀን ደግሞ ሩቅ አይደለም። የታመመ ለመጠየቅ ብርቱካን ይዞ መሄድ ቀርቶ የተረፈ ሲፕሮ ይዞ መሄድ ሆኗል። «አብሽሪ፣ እኔን ያዳነኝ ነው» ብሎ የሰጠ ዘመድ እንደ ዋዛ አይታይም፤ ሕመሙ የጨጓራ ይሁን የወገብ ማንም አይጠይቅም። የቴትራ ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ ይነሰነሳል፤ ዶሮ ሲያንቀላፋትም ከዚያው ይቆነጠርላታል። የእኔም ቁም ሳጥን ቢፈተሽ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ይወጣዋል። ልዩነቱ ክሊኒክ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ይጥላል፣ እኔ አልጥልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የትራኮማ ዘመቻው ነው። በአማራ ክልል ዓይንን የሚያሳውረውን ትራኮማ ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሕዝቡ በነፃ ይታደላል። መጠኑ በቁመት ስለሚወሰን ልጆች ከመለኪያ ዱላ ጎን ቆመው ይለካሉ። ይህ በእውቀት የሚሰጥ፣ በልክ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለጉንፋን ያንኑ መድኃኒት ከኪሳችን ከፍለን የምንውጠው እኛው ግን በነፃ ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርገን «ምን አስበውልን ነው?» እንላለን። የጠረጠርነው መድኃኒቱን አይደለም፤ ዋጋ አለመጠየቃቸውን ነው።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱ በየሱቁ የተሸጠ ዕለት ሰው ከልክ በታች እየወሰደ ጀርሞቹን እንዳያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። ሰፈራችንን ሳያይ አውቆናል። ግማሽ መድኃኒት ደካማውን ጀርም ገድሎ ብርቱውን ያስተርፋል፤ ብርቱውም ወልዶ ተዋልዶ ለጎረቤት ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም እንደሞተ ተገምቷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የታዘዘላችሁን በታዘዘው ልክ ውሰዱ፤ የተረፈ ቢኖር ስኳርና በርበሬ ተዋዋሱ እንጂ እሱን አታዋውሱ። «መድኃኒት አያስፈልግሽም» ብሎ የሸኛችሁን ሐኪምም አትሙት፤ ከሁሉ የከበደውን የሐኪም ሥራ የሠራው እሱ ነው።