ፍርደ ገምድል ገመድ ሲይዝ

ኑ ተሰብሰቡ፣ ዛሬ ቀጠሯችን ከአያ ይሰቀል ጋር ነው። ዜና በሰማ ቁጥር ፍርዱ አንድ ነው፤ «ይሰቀል!» ምስክር አይሰማ፣ መዝገብ አይገልጥ። ካፖርቱን በወጉ መስቀል ያቃተው ሰው፣ ሰው ካልሰቀልኩ ይላል! ዓለም ገመድ አልባ ሲሆን እሱ ገና ገመድ ይገምዳል።

«ንጹሕ ሰው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ይሆናል?» ይለኛል። ምን እንደሚሆንማ አንቶኒ ሬይ ሂንተንን ጠይቅ። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ድሃ ጥቁር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ሁለት ሰው ገድለሃል ተብሎ ተያዘ። ማስረጃው የእናቱ አሮጌ ሽጉጥ ነበር፤ ጥይቶቹ የወጡት ከዚህ ነው ተባለ። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ለጥይት መርማሪ ከ1,000 ዶላር በላይ አይፈቀድም ብሎ ደመደመ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ጠበቃው አያውቅም! በዚያች ገንዘብ የተገኘው ባለሙያ አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ማይክሮስኮፑን ማስተካከል የቸገረው መሐንዲስ ሆነ። ዓቃቤ ሕጉ በሚፈርዱት ዜጎች፣ በጁሪው ፊት ተሳለቀበት። አንተ «ዓይን ስለ ዓይን» ትላለህ፣ የሂንተን ነፍስ በአንድ ዓይን ተንጠልጥላ ነበር! የድሃ ነገር እንዲህ ነው፤ ጠበቃው ሲላላ ገመዱ ይጠብቃል።

«እዚያ እኮ ገመድ የለም፣ ወንበር ነው» እንዳትለኝ። የአላባማው ወንበር ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ በኤሌክትሪክ የሚገድል ነበር። የኤሌክትሪክ ገመድም ገመድ ነው! ሂንተን ሞት ተፈርዶበት እስር ቤት ሳለ ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ የሚቃጠለው ሥጋ ሽታ ክፍሉ ድረስ ይመጣበት ነበር። እሱ ወደ 30 ዓመት ገደማ ተራውን ጠበቀ። በ2015 «ጥይቶቹን ከሽጉጡ ጋር ማገጣጠም አልተቻለም» ተብሎ ተለቀቀ።

«ይኸው ወጣ አይደል? ሕጉ ሠራ!» አወይ ድፍረት! ሕጉማ አስገብቶት ነበር። ያወጣው ብራያን ስቲቨንሰን የሚባል ጠበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ሙጭጭ ብሎ ነው። ስቲቨንሰን ያልደረሰለትን ማን ያውጣው? አንተ?

«አንድ ሰው ነው፣ አታጋንን» ብለህ ደግሞ ጀመርክ። ቁጥር ትወዳለህ? እንካ። በአሜሪካ ከ1973 ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው ኋላ ነጻ የወጡት 200 ደርሰዋል። ከ1976 ወዲህ የተገደሉት ከ1,600 ይበልጣሉ። ለስምንት ሬሳ አንድ ስህተት ማለት ነው። ከዘጠኝ ብርሌ በአንዱ መርዝ የሚቀዳ ጠጅ ቤት ደጃፉን ትረግጣለህ? አንተ ማን ነህና! ከዝንብ የምትሸሽ!

«ያስፈራቸዋል» ደግሞ አለ። ማንን? የሞት ቅጣት የሌላቸው የአሜሪካ ግዛቶች የግድያ መጠናቸው በአማካይ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ፈርተህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

«ሕግ ሰው አይመርጥም» ይልሃል! የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ሕግ ሟች ይመርጥ ነበር። ነጭ የገደለ፣ ጥቁር ከገደለው ይልቅ ለሞት ፍርድ የመጋለጥ ዕድሉ 4.3 እጥፍ መሆኑን ጥናት አሳየ። ማክለስኪ የተባለው ፍርደኛ ይህን ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1987፣ 5 ለ 4 ተረታ። ከአምስቱ አንዱ፣ ዳኛ ሉዊስ ፓውል፣ ጡረታ ወጥቶ በዚያ መዝገብ የሰጠሁትን ድምፅ ብቀይር ደስ ይለኝ ነበር አለ። ይህ በመጽሐፍ የወጣው በ1994 ነው። ማክለስኪን በ1991 ገድለውታል። ዳኛው «ገባኝ» ማለቱ ሲታተም፣ ይግባኝ ባዩ መቃብር ከገባ ከርሟል!

«ደርግስ?» አልክ? ጥሩ አነሳህ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰው ያለ ፍርድ ያስረሸነው ይኸው ያንተ ጥድፊያ ነው። ሹማምንቱ ራሳቸው በ2000 ዓ.ም. ሞት ሲፈረድባቸው የሃይማኖት አባቶች ለመኑላቸው፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ሰማዩ ያው እላያችን ላይ ነው፣ አልወደቀም።

«ታዲያ ገዳይ ይለቀቅ?» ማን ልቀቅ አለህ፣ አያ ይሰቀል? ቆልፍበት እንጂ! ሁለት ቁልፍ ጨምርበት። ቁልፉን ግን አትዋጠው፤ ሂንተን የወጣው በቁልፍ ነው።