«ዲ ላይ አለ!»

የቢሮ ኮምፒውተር በደሴ ክብር አይጎድልበትም። ስክሪኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ኪቦርዱ ዛሬም ከነፕላስቲኩ ነው። ሲፒዩው ብቻ ጠረጴዛ ሥር ተወሽቆ አቧራውን ይቅማል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሀርድ ዲስክማ ከችከች ማለት እስኪጀምር ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

ሲጀምርም ምርመራው የሚካሄደው ሻይ እየተጠጣ ነው። «አብሽሪ፣ ደጋው አልተስማማውም እንጂ ምንም አልሆነም» ይላል አንዱ። ኮምቦልቻ ላይ የታመመ እንደሆነ ደግሞ ተከሳሹ ቆላው ነው። አምራቾቹ ግን አብዛኛውን ሀርድ ዲስክ እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ይሠራል ብለው ነው የሚሸጡት፤ ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጦሳ ተራራ በነፃ ይሰናበት። የኮምቦልቻው ሙቀትም ቢሆን ግብረ አበሩ ፋኑን የደፈነው አቧራ ነው፤ እሱን የሚከስ ግን አልተገኘም።

ክርክሩ ሲሰለች አንድ ጉልበተኛ ተነስቶ ሲፒዩውን በጥፊ ይለዋል። እዚያ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንባቢው ጭንቅላት ከሰው ፀጉር በሺዎች እጥፍ በቀጠነ ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። ጭንቅላቱ ሳህኑን ከነካው ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ደብዳቤ ደግሞ በይቅርታ አይመለስም።

«ለመሆኑ ኮፒ አላችሁ?» ሲባል መልሱ ፈጣን ነው፦ «አለን እንጂ! ዲ ላይ አለ!» ሲ እና ዲ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሀርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ጎጆን በመጋረጃ ከፍሎ «እሳት ቢነሳ ወዲያኛው ክፍል እገባለሁ» እንደማለት ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ዩፒኤስ አለ። ባትሪው ካረፈ ቆይቷል፤ አሁን የፔርሙዝ ማስቀመጫ ሆኖ በክብር ያገለግላል። መብራት ሲመለስ ረገብ እስኪል የሚጠብቅ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወጋ የዋለው ሁሉ ያኔ ሥራ ይቸኩለዋል።

በመጨረሻ ጉዞ ወደ ሐኪም ይሆናል። የኮምቦልቻው ሰው ሲፒዩውን እንደ ሕፃን ታቅፎ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይወጣል፤ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ጠጋኙ ክዳኑን ሳይከፍት «ፎርማት እናድርገው?» ይለዋል። ፎርማት የተፋቀ ሳህን አያድንም፤ ለማዳን የተሸከሙትን ፋይል ግን አሳምሮ ይሸኘዋል። አዋቂው ጠጋኝ መጀመሪያ የሳታ ኬብሉን ነቅሎ ይሰካል፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ ያያል። «ሞተ» ተብሎ ከተለቀሰለት ሀርድ ዲስክ ውስጥ ኬብሉ ብቻ የላላበት አይጠፋም። ከችከች የሚለውን ግን ቶሎ አጥፍቶ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ለመገልበጥ ይሞክራል። «በኤስኤስዲ ቀይሩት» ቢልም እውነቱን ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ይፈጥናል። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከችከች አይልም፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው።

ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ የተማረ ቢሮ አለ። ለመጠባበቂያ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገዝቷል፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ስቶር ተቀምጧል። በሞዴል 22 ወጪ እንዳይደረግ ንብረት ሹሙ ቁልፉን ይዞ ፊልድ ወጥቷል። እስኪመለስ ችግር የለም፤ ሁሉም ነገር ዲ ላይ አለ።