በሦስተኛ ሰው ሰዓት የተሸጠልን ደሴት

ስሙን ስለ ክብሩ ለማልጠራው፣ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ግድም ቢሮውን ለከፈተው የጉዞ ወኪል፤

ጉዳዩ፦ ስለ ተሸጠልን የዛንዚባር ዕረፍት ምስጋና ስለ ማቅረብና ጥቂት ነገር ስለ ማሳሰብ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

የክረምቱ ዝናም የገርጂን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በጀልባ ካልሆነ በእግር የማይታለፍ ባደረገበት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከቴሌቪዥን በቀር ሌላ መምህር ባጡበት በዚያ ወራት፣ ድርጅትዎ በመስተዋቱ ላይ የለጠፈው የዛንዚባር ሥዕል፣ ይኸውም ዘንባባው፣ ነጩ አሸዋና እስከ ታች የሚታየው ውኃ፣ በባለቤቴ ዓይን ገብቶ በልቧ ስለ ተቀመጠ፣ አረጋዊት እናቴን ጨምሮ ቤተ ሰባችን በሙሉ የድርጅትዎ ደንበኛ ለመሆን በቃ። ዋጋው በዶላር ተሰልቶ በብር የሚከፈል መሆኑን፣ ብሔራዊ ባንክም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪውን ለገበያ ስለ ለቀቀው ሰኞ የተነገረው ዋጋ ዐርብ ላይ ሊገኝ እንደማይችል ጸሐፊዎ እጅግ በለሰለሰ አንደበት ስላስረዱን፣ የእቁባችንን ዳኛ ደጅ ጠንተን ዕጣውን አስቀድመን ወሰድን፤ ገንዘቡንም ቆጥረን አስረከብን።

ደሴቲቱ በውበቷ ከሥዕሉ አታንስም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው በሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳትመው የሰጡንን መርሐ ግብር ብቻ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በግጻዌ ለየዕለቱ ምንባቡንና ምስባኩን ወስነው እንዳስቀመጡ፣ የድርጅትዎ ሊቃውንትም ለየሰዓቱ ሐሤቱን ወስነው አስቀምጠዋል፤ የሚደነቅበት፣ የሚዋኝበት፣ ፎቶግራፍ የሚነሣበት፣ በአንድ ሥፍራም ‹‹ነጻ ተመስጦ፣ 20 ደቂቃ›› ተብሎ ነፍስ ወደ ፈጣሪዋ የምትነጠቅበት ጊዜ ሳይቀር በሠንጠረዥ ተመድቧል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ እንግዳ እንዲገዛ የታዘዘው የ44 ዶላር የመድን ዋስትና ብቻ ከሠንጠረዡ ቀርቶ፣ ከእርሱ ጋር በአየር ማረፊያው በር ላይ ተዋወቅን፤ ይህንም ያደረጉት ደስታው በአንድ ጊዜ በዝቶ እንዳይጎዳን በማሰብ እንደ ሆነ እገምታለሁ።

በመጀመሪያው ዕለት ታላላቅ ኤሊዎች ወደሚኖሩባት ወደ ቻንጉ ደሴት የምንሻገርበት ጀልባ መነሻው ‹‹2፡00›› ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኛም ጠዋት በ2 ሰዓት ለባብሰን በሆቴሉ በር ቆምን፤ ሾፌሩም፣ ነጭ ቆብ የደፉ አንድ ሽማግሌ፣ ልክ በ2 ሰዓት ደረሱ፤ እርስ በርሳችንም ስለ ቀጠሮ አክባሪነታችን ተመሰጋገንን። ያልተገኘው ጀልባው ብቻ ነበር፤ እርስዎ የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሮ፣ መነሻው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበርና። ክቡር ሆይ፣ የስዋሂሊ ሕዝብ ሰዓቱን እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ የኛ የጠዋት 1 ሰዓት ለእርሱም የጠዋት 1 ሰዓት እንደ ሆነ፣ የዛንዚባርና የአዲስ አበባ ሰዓትም በደቂቃ እንኳ እንደማይለያይ የነገረዎት ሰው አልነበረምን? በአንድ ሰዓት የሚነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች በሰላም ተገናኝተው ሳለ፣ ስምምነታቸውን ያፈረሰው ቦሌ ላይ በሦስተኛ ሰው ሰዓት የታተመ ወረቀት ሆነ።

ሽማግሌው ግን ሳይቆጡ፣ በስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች እየመሩ፣ ወንዶች በግንብ መደብ ላይ ተቀምጠው ዶሚኖ ወደሚጫወቱበት ጆስ ኮርነር ወደሚባል ሥፍራ ወስደው ቡና ጋበዙን፤ ቡናው ከናስ ማፍያ በትንንሽ ሲኒ ያለ ስኳር የሚቀዳ ነው። እናቴ ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀብላ አሸተተችውና፣ ‹‹ደኅና ቡና ነው፤ ጭስ ብቻ ቀርቶታል›› ብላ ሳትቀምስ መለሰችው፤ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙም ፍልሰታ፣ ሰዓቱም ገና ነበርና። ልጄ በእንግሊዝኛ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሽማግሌው ጾም ምን እንደ ሆነ ተርጓሚ የማያሻቸው ሙስሊም ስለ ነበሩ፣ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አኑረው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከማግሥቱም ጀምሮ 9 ሰዓት ሲሞላ ራሳቸው እየመጡ ወደ ሆቴሉ ሠራተኞች ማድ ቤት ይወስዷት ጀመር፤ በዚያም ሠራተኞቹ ለራሳቸው በኮኮናት ወተት የሚሠሩት ቦሎቄ ከቻፓቲ ጋር ይቀርብላት ነበር። እርስዎ በበኩልዎ፣ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት መሆኑን፣ በክረምቱም ውስጥ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም መኖሩን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል በመስኮት እየገባ በሚሰማበት ቢሮ ተቀምጠው ሳሉ፣ ‹‹ሁሉን ያካተተ›› ባሉት ማዕድ ላይ እንቁላሉን፣ ዐይቡን፣ ኦክቶፐሱንና ሎብስተሩን በክብር ሲያስገቡ፣ አንዲት ጭልፋ ቦሎቄ ማስገባት ተሣነዎት።

ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ወደ ፓጄ በወረድን ጊዜ ደግሞ፣ ‹‹መዋኛ ሰዓት›› ተብሎ በተመደበው ጊዜ ባሕሩ ከሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም። ፈቃድ ሳይሞላ፣ ተተኪም ሳያስቀምጥ፣ እስከ አድማስ ድረስ ተጎትቶ ሄዶ ነበር፤ እስራኤል በየብስ በተሻገሩበት ሥርዓት ልብሳችንን ሳናርስ ብዙ ርቀት ተጓዝን፤ በዚያም የመንደሩ ሴቶች በአጭር ካስማ መካከል በገመድ ያሰሩትን የባሕር ሣር ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ አገኘናቸው። ያ ጠረፍ ገደላማ ስላልሆነ ውኃው በየዕለቱ ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ እንደሚሸሽና ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ሰዓቱም ጨረቃን ስለሚከተል በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ እንደሚሄድ የነገሩን እነርሱ ናቸው። የጨረቃን አካሄድ በቃሉ የሚያሰላ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በየደብሩ ሞልቶ ሳለ፣ ድርጅትዎ አንዱን እንኳ በትርፍ ሰዓት ቢቀጥር፣ ባሕሩን በቢሮው የምናገኝበትን ቀጠሮ ባልሳተ ነበር።

ስለ ቅመሙ ጉብኝት ግን ሳላመሰግን አላልፍም። አስጎብኚው ወጣት ቅጠሉን በእጁ እያሸ፣ እንግዶች ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲገምቱ ሲያደርግ፣ አብረውን የነበሩት አውሮፓውያን የሎሚ ነው፣ የሳሙና ነው እያሉ ሲደነቁ፣ እናቴ ግን ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ ገውዙን፣ ሄሉን፣ እርዱንና ቁንዶ በርበሬውን አንድ በአንድ ከጠራች በኋላ፣ ገውዙ ገና ያልደረቀ መሆኑን ነግራ ለመግዣ ዋጋውን ጠየቀች። ወጣቱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ ቀጥሎ ያሉትን ዛፎች እርሷ እንድታስጎበኝ ቢለምናት፣ ከመርካቶ ቅመም ተራ ይልቅ እዚህ ሻጩ ትሑት ነው ስትል መሰከረች። እርስዎ ‹‹የምሥራቅ ምሥጢር›› ብለው የሸጡልን ነገር በሙሉ በቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ በብልቃጥ ተቀምጧል።

እስከዚህ ያልሁት ሁሉ ለሣቅ ይበቃል፤ ‹‹ታሪካዊ ከተማና ቤተ መቅደሶች፣ 40 ደቂቃ›› ተብሎ የተመደበው ግን ለሣቅም አይመች። በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ የሕንዶችን መቅደስ በበሩ፣ መስጊዱን በሚናሬቱ፣ የካቶሊኮችን ካቴድራል በሁለት ግንቦቹ ካየን በኋላ፣ ወደ አንግሊካን ካቴድራል ገባን፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በባሪያ ገበያው ሥፍራ ላይ ነው፤ መንበሩም ባሮች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ዛፍ ቦታ ላይ እንደ ቆመ ይነገራል። ገበያውን በፈረንጅ 1873 ዓ.ም. የዘጋው፣ የእንግሊዝ መንግሥት አስጨንቆት የመዝጊያውን ውል የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ ነው። ከዚያም ወጥተን፣ ያው ሱልጣን በፈረንጅ 1883 ዓ.ም. ያሠራው፣ በዛንዚባር አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መብራት የበራበት፣ ከፊሉም በኛ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የተናደው ቤይት አል ዐጃኢብ በተባለው ታላቅ ቤት ፊት ለፎቶግራፍ ቆምን፤ በወረቀትዎ ላይ ከስሙ አጠገብ ‹‹ለሰልፊ ምቹ›› የሚል ተጽፏል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የዚህ ሱልጣን እናት ሐበሻዊት ቁባት እንደ ነበረች ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ በአባት እኅቱ የሆነችው ልዕልት ሰልማም በፈረንጅ 1886 ዓ.ም. ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ በአባቷ ቤት ስለ ነበሩ ሐበሾች ሴቶች ተርካለች። ከሐበሻ ምድር ባሕር የተሻገረች ሴት የወለደችው ልጅ የሰው ገበያውን ዘጋ ማለት ነው፤ የዚያም ልጅ ልጅ፣ ኻሊድ ቢን ባርጋሽ፣ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ በአባቱ ዙፋን ተቀምጦ፣ ቤተ መንግሥቱ በመርከብ መድፍ በ40 ደቂቃ ያህል ጊዜ ፈርሶበት የተሰደደው በኛ ነሐሴ 22 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዓድዋ ድል ዓመት፣ ድሉም ስድስት ወር ሳይደፍን ነው። ከገርጂ የመጣ ቤተ ሰብ በዚያ ግንብ ፊት ቆሞ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኛ ወገን የደረሰውንና በዚያ የደረሰውን አነጻጽሮ ዝም ሊል የሚገባው ሥፍራ ቢኖር ያ ነበር፤ እኛ ግን ዝምታችንን ‹‹ነጻ ተመስጦ›› በተመደበበት ሰዓት፣ በመዋኛ ገንዳ ዳር፣ ከፍ ባለ ሙዚቃ መካከል ጨረስነው።

ይህን ሁሉ ስመለከት፣ ድርጅትዎ የጎረቤታችንን ደሴት በአውሮፓ በኩል አዙሮ እንደ ሸጠልን ተረዳሁ፤ ሰዓቱ የፈረንጅ፣ ማዕዱ የፈረንጅ፣ መደነቁም የፈረንጅ ሆኖ፣ ክፍያው ብቻ የእኛ ሆነ። ለዚህም ድካምዎ ዋጋውን አላስቀንስም። ለሚመጣው ክረምት ለሚሄዱ ወገኖች ግን ሰዓቱ በአማርኛ እንዲጻፍላቸው፣ ነሐሴ ውስጥ ለሚጓዙት የሠራተኞቹ ድስት እንዲከፈትላቸው፣ በመርሐ ግብሩ የቀረው 20 ደቂቃ ነጻ ተመስጦም ከገንዳው ዳር ተነሥቶ በቤይት አል ዐጃኢብ ፊት ስለ ባርጋሽ እናት እንዲውል በትሕትና አመለክታለሁ። ‹‹ለሰልፊ ምቹ›› የሚለው ቃል በሥፍራው ሊቆይ ይችላል፤ እርሷ ሥዕሏ አልተገኘምና ቦታ አትሻማም።

ከማክበር ሠላምታ ጋር፤
አንድ የገርጂ ነዋሪና የቤተ ሰብ አባት

ግልባጭ፦
ለመርሐ ግብሩ አታሚ፣ እንዲያውቀው፤
ለፓጄ ባሕር፣ በሥራ ሰዓት በቦታው እንዲገኝ።