እኔን!

ሐምሌ ነው፤ መገናኛ ነው፤ ጭቃ ነው። አንድ ጎልማሳ ጃንጥላውን እንደያዘ አዳልጦት በጀርባው ተዘረጋ። ከታክሲው ሰልፍ አምስት ሰው በአንድ አፍ «እኔን!» አለ። እጁን የዘረጋ ግን የለም። ሰውዬው ከወደቀበት ቀና ብሎ ሰልፉን ቃኘና፦

«አምስታችሁም 'እኔን' ካላችሁ አንዳችሁ እንኳ እዚህ ተኙልኝና እኔ ልነሣ» አለ።

ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህች ቃል አስቤ አላውቅም ነበር። «እኔን» ስንል እኮ ጅራቷን ቆርጠን ነው፤ ሙሉዋ «እኔን ይድፋኝ» ናት። የአንተን አወዳደቅ እኔ ልውደቅልህ ማለት ነው። ከባድ ነገር ነው! ውል ቢሆን ኖሮ በምስክር ፊት ነበር የሚፈረመው። እኛ ግን እንደ ማስነጠስ ነው የምትወጣን። አንዳንዱማ «እኔን!» ብሎ ሳይጨርስ «ምን ያንቀዠቅዥሃል?» ያስከትላል። በአንድ ትንፋሽ ሊሞትልህም ሊገርፍህም ይፈልጋል።

አውቶብስ ውስጥ ደግሞ ማዘን የሚገለጸው ዓይን በመጨፈን ነው። ነፍሰ ጡር ስትገባ ወንበር የያዘ ወንድ ሁሉ በአንዴ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ማደንዘዣ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም። በቀደም አንዲት ሴት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቆማለች፤ አጠገቧ አንዲት ትልቅ እናት ቆመዋል፤ ከፊታቸው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ «ተኝቷል»።

«ተዪው የኔ ልጅ» አሏት እናትየው፤ «ሌሊቱን ሙሉ ፌስቡክ ላይ ለሰው ሲያለቅስ አድሮ ነው።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል እማማ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ይታወቃል ልጄ። በእንቅልፍ ልብ መልስ መስጠት ያደክማል።»

ተነሣ። የተነሣው አዝኖ ሳይሆን አውቶብሱ ስለሳቀበት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሴትዮዋን ምን ቸገራት? ወንበሩ ያው ወንበር ነው።

ለሞተ ሰው ሲሆን ግን ማን ይችለናል! እድሩ ጥሩምባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት እንጀራውን ተሸክሞ ይመጣል። የመርዶን ሥርዓት ያወጣውን ሰውማ አግኝቼ እጁን በሳምኩት። ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌውም ጓደኛውም ተጠራርቶ ይሄዳል፤ ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ። ዋሽንግተን ላለ ልጅ የአባቱ ሞት የሚደበቀውም ይዞት የሚያለቅስ ሰው እስኪሰባሰብለት ነው። አሁን ግን ልጁ ሥራ ቦታ ስልኩን ሲከፍት አባቱን በሻማ ተከበው፣ «ነፍስ ይማር» ተጽፎባቸው ያገኛቸዋል። የለጠፈውን ብትጠይቁት «ቀድሜ ላጽናናው ብዬ» ይላል። ሽልማት አለው እንዴ?

ድንኳኑ ውስጥም መርማሪ አይጠፋም። «ምን ነበር ያመማቸው? የት አሳከማችኋቸው? አይ፣ እዚያ ባትወስዷቸው ኖሮ...» ከቀብር መልስ የሐኪሞች ቦርድ ይቀመጣል። ቀጥሎ ደግሞ ባለ ውድድሩ አለ፤ «ያንተስ ደህና ነው፣ የእኔ እናት ስትሞት እኮ» ብሎ ጀምሮ፣ ሐዘንተኛው ራሱ «አይዞህ» ካላለው አያቆምም። እንዲህ ያለው አንዱ እናቱ የሞተችበትን ጓደኛዬን ጠየቀው፦

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«82።»

«እህ! ታዲያ ጠግበዋላ!»

«እሷ ጠግባ ይሆናል» አለው ጓደኛዬ፤ «እኔ አልጠገብኳትም።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጠያቂው ንፍሮውን ቀጠለ።

«እንኳን ለሰው ላዝን ለራሴም የሚያዝንልኝ አጣሁ» የሚል መልስም አለ። በዚህ ኑሮ ሐሰት ነው አልልም። ግን የብዙ ወላጅ አልባ ሕፃናት እናት የሆኑት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም ተርፏቸው አልጀመሩም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ መንገድ ላይ ረሃብ ከጣለው ሕዝብ መካከል 2 ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባልም ዘመድም ሲቃወማቸው ልጆቹን ይዘው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። እኛ ከግሸን ይዘን የምንመለሰው ጸበልና ፎቶ ነው፤ ከፎቶውም ላይ ጥጉ ላይ የተቀመጠው ነዳይ ተቆርጦ ይወጣል፣ መልክ ያበላሻል ተብሎ።

ለካ ሰውዬውን ጭቃ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ! ያነሣው አንድ ትንሽ ሊስትሮ ነው። «እኔን» አላለም። ሳጥኑን ቁጭ አደረገና በብብቱ ገብቶ ብድግ አደረገው፤ ከዚያ ጫማ በሚወለውልበት ጨርቅ ኮቱን ይጠራርግለት ጀመር። ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ፦

«ስንት ነው?»

«ዋጋ ያለው ለቆመ ሰው ነው ጋሼ። የወደቀ አናስከፍልም።»

እኔም ኀፍረቴን በጥቂት ብር ልገላገል ብዬ እግሬን ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩ። ልጁ ጫማዬን በዚህም በዚያም አየና ብሩሹን መልሶ አስቀመጠ።

«የእርስዎ ንጹሕ ነው ጋሼ» አለኝ፤ «ጭቃው ጋ መቼ ደረሱ?»