ሽማግሌ የገባበት ሞተር

መንዝ ውስጥ የናፍታ ወፍጮ ሲቆም ሐዘኑ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ገብሷን በአህያ ጭና ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት ወይ መልሳ ልትጭን ነው፣ ወይ ቤቷ ገብታ የድንጋይ ወፍጮ ላይ ልታጎነብስ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ሞተር ሲንቋቋ ቆይቶ ጸጥ ያለ ዕለት፣ ከመካኒኩ ቀድሞ የደረሰው አስተያየት ሰጪ ነበር።

አንዱ ናፍታው ውኃ አለው አለ፤ ሌላው ብርዱ ነው አለ። በከፍታው ቢያሳብብ ጥቂት እውነት ይኖረው ነበር፦ በ3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ30 ከመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ የመንዝ ሞተር የሚተነፍሰው በቁጠባ ነው። ባና የደረቡት ሽማግሌ ግን ነገሩን ወደ ሰይጣን ወሰዱት። የቀደማቸው አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ድሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር አጠገብ የውኃ ወፍጮ ቢሠራ፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስትተውታል።

መካኒኩ ከደብረ ብርሃን መጣ። ቡሎኑን ፈታ፣ ክዳኑን አነሣ፣ «ጥርስ ነው» አለ። የቫልቩን ሰዓት ከሚያስጠብቁት ሁለት ጊሮች የትንሹ ጥርሶች ተበልተው ጫፋቸው ጣት የሚቆርጥ ሹል ሆኗል። ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ሁለቴ ስለሚዞር፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ትንሹን ብቻ ቀይር።»

«ጋሼ፣ አዲሱን ካሮጌው ጋር ካጋባሁት ይበላላሉ።»

«እኔና ባለቤቴ በአሥራ አምስት ዓመት እንበላለጣለን፤ ተበላላን?»

«እስቲ እኔን ይጠይቀኝ!» አለች አክስቴ ከጓዳ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ግራ ቀኙ ተሰማ፤ ሁለቱም ይለወጡ ተብሎ ተፈረደ። ጊሮቹ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶቡስ ረዳት እጅ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ገቡ።

አሮጌዎቹ በፑለር እየተሳቡ፣ እያቃሰቱ ወጡ። አዲሱ ትንሽ ጊር ደግሞ በመዶሻ ተደብድቦ አይገባም፤ ዘይት ውስጥ ሲሞቅ ቀዳዳው ሰፋ ይልና ዘንጉ ላይ ሸርተት ብሎ ይቀመጣል፣ ሲበርድ ይነክሳል። የኩበት እሳት ተነደደ፣ ድስት ተጣደ፣ ጊሩ ዘይቱ ውስጥ ገባ። ወረፋ ከያዙት እማማዎች አንዷ ብቅ ብለው አዩና «ሽንኩርቱን ረሳችሁት» ብለው ተመለሱ።

ቀሪው የነጥብ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ጊሮች ላይ የተመታችው ነጥብ ካልተገጣጠመች፣ በአንድ ጥርስ እንኳ ብትዛነፍ፣ ቫልቩ ያለ ሰዓቱ ይከፈታል፤ ሞተሩ በጀ ቢል በጭስ ነው፣ ሲብስ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይላተማል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ነጥቧን አዩና መሰከሩ። አንደኛው ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቀው የመሰከሩት እሳቸው ናቸው።

ማኖቤላው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሣ። አጎቴ የመካኒኩን ሒሳብ እያጉረመረመ ከፈለ። ለሽማግሌዎቹ ውለታ ደግሞ ያለ ወረፋ፣ ያለ ክፍያ እንዲያስፈጩ ፈቀደ። ከአህዮቻቸው ጋር ብርድ ላይ የሰነበቱት ሴቶች ግን በዚህ ውል ላይ አልተጠየቁም ነበርና፣ እነሱንና ሽማግሌዎቹን የሚያስታርቅ ሌላ ሽማግሌ ፍለጋ ሰው ተላከ።