የአጥቂ ጥብቅና፦ የኦሊቪየ ዢሩ መዝገብ በአዲስ አበባ

በላ ልበልሃ ጠፍቷል ብለው የሚጽፉ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው አያውቁም። በድሮው ሥርዓት ተሟጋቾች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዳኛ አድርገው ያስቀምጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ፣ ማርና በቅሎ እያስያዙ ነገራቸውን ያሰሙ ነበር። ዛሬ የጎደለው ዘንጉና በቅሎው ብቻ ነው። ችሎቱ በየሰፈሩ ይሰየማል፤ የቀጠሮው ዝርዝር በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ክሱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ አጥቂው አያገባም።

ይህ ጥናት የሚመለከተው ከሳሹን አይደለም። ከሳሽ መሆን ቀላል ነው፤ ውጤቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተጽፎለታል። ጥናቱ ያተኮረው በጠበቃው ላይ ነው። ደንበኛው 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ሲሆን ጠበቃ እንደቆመለት አያውቅም፣ አበልም አይከፍልም። እንዲያውም ከፋዩ ጠበቃው ነው፦ መግቢያ ይከፍላል፣ ሻይ ያዛል፣ ሲመቸው ማልያ ይገዛል፣ የደንበኛው ቁጥር ሲቀየር ደግሞ ሌላ ማልያ ይገዛል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር መባል አለበት። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምርጫው የአጥኚው ሳይሆን የደጋፊው ነው። የገዛ ልደቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ሮቢን ቫን ፐርሲ አርሰናልን ጥሎ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የሄደው ኦገስት 2012 መሆኑን ሳያስብ ይነግርዎታል። የቀኑን አየር ጠባይ ጨምሮ የሚነግርዎትም አይጠፋም።

መዝገቡ የሚከፈተውም እዚያ ነው። በዚያው ክረምት ኦሊቪየ ዢሩ ከሞንፔሊዬ ወደ አርሰናል መጣ። ሞንፔሊዬ በዚያ ዓመት የፈረንሳይ ሻምፒዮን ነበር፤ ዢሩም 21 ጎል አግብቶ በሊጉ የጎል አግቢነቱን ክብር ወስዷል። ይሁን እንጂ የመጣው በቫን ፐርሲ እግር ሲሆን፣ ቫን ፐርሲ በማንቸስተር የመጀመሪያ ዓመቱ 26 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ዋንጫ አነሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንቼ የሆነ ወንድም፣ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ያለው የአርሴ ደጋፊ ያንን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። የዢሩ ጥፋት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው አለመሆኑ ነበር።

መከላከያው በደረጃ ይቀርባል። የመጀመሪያው «ኳስ አይደርሰውማ!» የሚለው ነው። ይህ ክሱን ወደ አማካዮቹ ያስተላልፋል፤ አማካዮቹ ደግሞ የራሳቸው ጠበቃ ስላላቸው ነገሩ እስከ እረፍት ድረስ ይቆያል። ኳስ የደረሰው ጊዜ ሁለተኛው መከላከያ ይነሣል፦ «እሱ እኮ ቦታ ይከፍታል።» በሕግ ዓይን ሲታይ ከዚህ የጠነከረ መከላከያ የለም። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል የተከፈተው ቦታ ሁልጊዜ ከስክሪኑ ውጭ ነው። የማይታይ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። ሁለቱን ተከላካይ ይዞ የሄደው አጥቂ የት ይዟቸው እንደሄደ እስካሁን የጠየቀ የለም።

ሦስተኛው ቀጠሮ መጠየቅ ነው፦ «ጊዜ ይሰጠው።» ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የካይ ሃቨርትዝ ጉዳይ ነው። ሃቨርትዝ በ2023 ክረምት 65 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተከፍሎበት ከቼልሲ መጣና የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው ሴፕቴምበር 30 ቦርንመዝ ላይ ነበር። ያም በፍፁም ቅጣት ምት ሲሆን፣ ምቱን የሰጡት እንዲያገባ የፈለጉት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። ተቺዎች ይህን ምጽዋት አሉት፤ ጠበቆቹ ግን ጓደኞቹ የሚወዱት ሰው መጥፎ ተጫዋች ሊሆን አይችልም ብለው ተከራከሩ። በዓመቱ መጨረሻ 13 የሊግ ጎል ሲኖረው ጠበቆቹ በነፃ አሰናበቱት። በኦገስት 2025 ቪክቶር ዮከሬሽ ለአርሰናል በኦልድ ትራፎርድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ አንድም ሙከራ ሳያደርግ ተቀየረ፤ የተካውም ይኸው ሃቨርትዝ ነበር። የ2023 ተከሳሽ ለ2025ቱ የተከሳሽነቱን ቦታ ያስረከበበት ሥነ ሥርዓት ከ60ኛው ደቂቃ ብዙም አልራቀም።

በሊቨርፑል ወገን ያሉ ጠበቆች ትምህርታቸው ወደ ሥነ ልክ ያደላል። ዳርዊን ኑኝዬዝ ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ቼልሲን 4 ለ 1 ባሸነፉበት ምሽት አራት ጊዜ ብረት መትቷል፤ ከአራቱ አንዱ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። የጎሉ ስፋት 7.32 ሜትር ሲሆን የቋሚው ውፍረት ከ12 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ፣ ይላል ሊቨሩ፣ ብረት መምታት ጎል ከማግባት በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ሰውዬው በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ከባዱን ሠርቶ ቀላሉን ብቻ ነው የተወው። በዚህ ሙግት ላይ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልተሰጠም።

ጥብቅናው ግን ወሰን አለው። «ዛሬ ያገባል፣ ትታዘባለህ» ብሎ ሲምል የነበረው ሰው ከጨዋታው በፊት በጎን ያለው ቤቲንግ ቤት ገብቶ ሲወጣ የቆረጠው ትኬት ቢታይ የደንበኛው ስም አይገኝበትም። ፍቅርና ብር በአንድ ወረቀት ላይ አይጻፉም።

ወደ ዢሩ እንመለስ። በ2015 የጸደይ ወራት አርሰናል ከቼልሲ ያለ ጎል ሲለያይ ቲየሪ ሄንሪ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርቦ በዚህ አጥቂ ሊጉን ማሸነፍ እንደማይቻል ተናገረ። ይህ ተራ ምስክር አይደለም። ሄንሪ ለክለቡ 228 ጎል ያገባ፣ ሐውልቱ ስታዲየሙ ደጅ የቆመለት ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አርሴ የሆነ ሁሉ በአመዛኙ አርሴ የሆነው በእሱና በካኑ ምክንያት ነው። ጠበቃው ከሐውልት ጋር መሟገት ነበረበት፤ ተሟገተም። ዢሩ በ253 ጨዋታ 105 ጎል ማግባቱን፣ ሦስት ኤፍኤ ካፕ ማንሣቱን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ክሪስታል ፓላስ ላይ በተረከዙ ከራሱ ጀርባ ያገባት ጎል የዓመቱን የፑሽካሽ ሽልማት ማስገኘቷን ጠቀሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ቀጥሎ ያለውን ኳስ ነው የሚያየው።

ከሁሉ የላቀው ማስረጃ የተገኘው ዢሩ ወደ ቼልሲ ከተሸጠ በኋላ ነው። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ 546 ደቂቃ ተጫወተ፣ 13 ጊዜ ሞከረ፣ አንዱም ጎሉን ያነጣጠረ አልነበረም፤ ፈረንሳይም ዋንጫውን ወሰደች። በ1998ም ስቴፋን ጊቫርሽ የሚባል አጥቂ አንድም ሳያገባ ከፈረንሳይ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። አጥቂ እንዲያገባ የሚጠይቅ ሰው ሁለት የዓለም ዋንጫዎችን የሚቃወም ሰው ነው። ዢሩ ራሱ በ2022 ፖላንድ ላይ ሲያገባ የሄንሪን 51 የብሔራዊ ቡድን ጎል አልፎ የአገሩ ክብረ ወሰን ባለቤት ሆነ። ሐውልቱ ምንም አልመለሰም።

ሙግቱ ጠንክሮ ተቃራኒ ወገን ማስረጃ ሲያጣ የሚነሣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ከሳሽ ለመሆን በነገሩ መብትና ጥቅም ያስፈልጋል። በዲኤስቲቪ ቤት ቋንቋ ይኸው ድንጋጌ «አንተን ምን አገባህ?» ይባላል። መቃወሚያውን የሚያነሡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነ አባት ነው፤ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ክለብ ጠፍቶ ነው?» ይላል፣ እሱም መብት አለው። ሁለተኛው እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ የማንቸስተር ደጋፊ ሲሆን፣ የጎረቤቱን የአርሴነት ዜግነት ሲመረምር የራሱን መታወቂያ ማንም እንዳይጠይቀው ተስማምተዋል።

ለዚህ መቃወሚያ የሚሰጠው መልስ ከአጥቂው መከላከያ ይልቅ በደንብ የተሰናዳ ነው፤ ጠበቃው እዚህ ላይ ለራሱ ስለሚቆም ይሆናል። በመጀመሪያ የክለቡን አድራሻ ያስመረምራል። አርሰናል በ1886 የተመሠረተው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ዉልዊች ውስጥ፣ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ወደ ሰሜን ለንደን ቴምዝን ተሻግሮ የገባው በ1913 ሲሆን፣ የቶተንሃም ሰዎች መጤ ሲሉት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ክለቡ ራሱ የሰፈሩ ልጅ ካልሆነ የጉለሌው ሰው ላይ ብቻ ሕጉ ለምን ይጠብቃል? ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 ደግሞ አርሰናል ከክሪስታል ፓላስ ጋር ሲጫወት ካሰለፋቸውና ተቀያሪ ካደረጋቸው 16 ሰዎች አንድም እንግሊዛዊ፣ ስኮትላንዳዊ፣ ዌልሳዊ አልነበረም። 5 ለ 1 አሸነፉ። እነዚያ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ደጋፊው ግን ባለበት ሆኖ ነው የመጣው።

ቀጥሎ የሚቀርበው ሰነድ በእንግሊዝ የወጣ ደንብ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በትክክል ከ2:45 እስከ 5:15 በእነሱ ሰዓት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ዓላማው ሕዝቡ የየሰፈሩን ትንንሽ ክለቦች ሄዶ እንዲያይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በእነሱ 3 ሰዓት አርሰናል በሜዳው ሲጫወት፣ ከስታዲየሙ ሁለት መንገድ ርቆ የሚኖርና ትኬት ያላገኘ የለንደን ሰው በሕጋዊ መንገድ የሚሰማው የጎል ጩኸቱን ነው። ያንኑ ጨዋታ የመርካቶው ሰው ለውዝ እየፈለፈለ፣ ከነድግግሞሹ፣ በቀስታ ምስል ያየዋል። የኦፍሳይዱ መስመር ሲሰመር እሱ አለ፤ ለንደኑ የለም። ታዲያ ስለ ዢሩ ምስክር መሆን የሚገባው ማን ነው? ይህን ነጥብ ለመመለስ የሞከሩ ሁሉ ወደ ትኬት ዋጋ ንግግር ሲያፈገፍጉ ታይተዋል።

የእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠርም በደጋፊው ኑሮ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አታዛውርም፤ እንግሊዝ ግን በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ወደኋላ፣ በማርች የመጨረሻ እሑድ ወደፊት ትመልሰዋለች። ከኦክቶበሩ ለውጥ በኋላ ቅዳሜ 11 ሰዓት የነበረው ጨዋታ 12 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንቱ መካከል ማታ 4 ሰዓት የነበረው 5 ሰዓት ይገባል። ሠርግ፣ ማኅበርና ዕቁብ ያለው አባወራ ይህን ሁሉ አስልቶ ቀጠሮ ይይዛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሙ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ በእንግሊዝ የሚደረገውን ጨዋታ ለማየት ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ ይነሣል። የበዓል አቆጣጠር ሲጠፋው እናቱን ይጠይቃል፤ የጨዋታ ሰዓት ግን ጠፍቶት አያውቅም።

አሁንም የሚከራከር ካለ የሊሎንግዌው ጉዳይ ይነሣል። በካፍ መስፈርት የሚያልፍ ስታዲየም በአገር ቤት ባለመኖሩ፣ ዋልያዎቹ ጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ሲሆን፣ ሜዳቸው የነበረው ማላዊ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ሊሎንግዌ ላይ ባለሜዳ መሆን ከቻለ፣ አንድ የኮልፌ ሰው ሰሜን ለንደን ላይ ባለሜዳ የማይሆንበት የሕግ ምክንያት አልተገኘም።

የደም ማስረጃም ቀርቧል። ጌዲዮን ዘላለም በ1997 በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኳስ ተጫውቶ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ለአርሰናል ተቀይሮ ገባ። ያን ዕለት የጥብቅና ፈቃዱ ለመላው አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ ታደሰ፤ የዚያኑ ማታ ዢሩም ተቀይሮ ገብቶ አግብቷል፣ ይህም በመዝገቡ ውስጥ በቀይ ተሰምሮበታል። ልጁ በፕሪሚየር ሊጉ ሳይሰለፍ ቢሄድም ዝምድናው አልተሻረም።

የአሌክሳንደር ኢሳክ ዝምድና ግን ውስብስብ ሆኗል። ስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሶልና ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደው ኢሳክ ኒውካስል እያለ ስሙ ከአርሰናል ጋር በተነሣ ቁጥር በአርሴዎች ዘንድ «የኛ ልጅ» ነበር፤ «ሀበሻ» ለመባል ድንበር አልተጠየቀም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ሊቨርፑል በእንግሊዝ ክብረ ወሰን በሆነ 125 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው አርሴዎች ከዘር ሐረጉ በአንድ ሌሊት ወጡ፣ ሊቨሮች ገቡ። የመጀመሪያ የሊግ ጎሉ እስከ ኖቬምበር 30 በመዘግየቱ አዲሶቹ ዘመዶች ወዲያው ወደ ሥራ ተሰማሩ። «ኳስ አይደርሰውማ!» የሚለው ድምፅ ከሌላኛው አግዳሚ ወንበር ሲሰማ አርሴዎቹ ሙግቱን በቃላቸው ያውቁት ስለነበር ለመመለስ አልተቸገሩም።

የዢሩ መዝገብ የተዘጋው ሜይ 29 ቀን 2019 ባኩ ላይ ነው። የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ቼልሲ ከአርሰናል፤ አዲስ አበባ ላይ ማታ 4 ሰዓት። ከእረፍት መልስ ዢሩ ተወርውሮ በጭንቅላቱ የመጀመሪያውን አገባ፣ በውድድሩም 11 ጎል ይዞ ቀዳሚ ሆነ። አርሴው ጠበቃ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ለስድስት ዓመት ሲሰድቡበት ወደ ነበሩት ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ብዬ ነበር!» አለ። ከዚያ ቼልሲ ሌላ ሦስት ጎል አገባ። እሱና ከሳሾቹ 4 ለ 1 ተሸንፈው አብረው ወጡና፣ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ዳር ቆመው ስለ አርሰናሉ አጥቂ ስለ ላካዜት ተሟገቱ። ላካዜት፣ እንደ እሱ አባባል፣ ኳስ አልደረሰውም።