የዜማው ጠባቂዎች

በሮማ ከተማ፣ 284 ዓምዶች ክንድ ዘርግተው ባቀፉት ትልቅ አደባባይ ጣሪያ ላይ፣ የእርግቦች አገር ነበር አሉ። አገሩ እዚያ ይጀምራል እንጂ እዚያ አያልቅም፤ ልጆቹ ባሕር ተሻግረው እስከ ዓለም ዳርቻ ጎጆ ቀልሰዋል። ሁሉንም የሚመራ አንድ ነጭ እርግብ አለ። በአንገቱ ቁልፍ ስለሚያንጠለጥል ባለ ቁልፉ ይሉታል። አንዱ ሲሞት ሽማግሌዎቹ በር ዘግተው ሌላ ይመርጣሉ፤ መመረጡም በጢስ ይታወቃል።

እነዚህ እርግቦች አንድ ዜማ ነበራቸው። ጎህ ሲቀድ መሪውም ተመሪውም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ በአንድ ድምፅ ያዜማል። ቃሉ የጥንት ቋንቋ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ገበያ የሚገበይ፣ ልጅ የሚቆጣ የለም። ጫጩቶቹ ግን ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያሉ ስለሚሰሙት አይጠፋቸውም። በፈረንጆቹ በ1570 የነበረው ባለ ቁልፍ፣ ይህ ዜማ ለዘለዓለም ይዜም ብሎ ብራና ጽፎ አትሞበታል።

በ1962 ባለ ቁልፍ የነበረው አንድ ደግ ሽማግሌ ነው። «ቤቱ ታፍኗል፤ እስቲ መስኮት ክፈቱ፣ ነፋስ ይግባ» አለ። ከየአቅጣጫው ከ2,000 በላይ ሽማግሌዎች መጥተው አራት መኸር ተሰበሰቡ። በሁለተኛው መኸር ስለ ዜማው ብራና ጻፉ። የየሰፈሩ ቋንቋም ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠው፤ ሆኖም የጥንቱ ቋንቋ ይጠበቅ፣ የጥንቱም ዜማ ቀዳሚውን ስፍራ ይያዝ ይላል። እርግቦቹ ደስ አላቸው። መስኮቱን ያስከፈተው ሽማግሌ ግን ይህን ሳያይ ሞተ፤ ነፋሱም ገብቶ ስለነበር ብራናውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው።

ከመሬት ያነሡት ጸሐፊዎቹ ቁራዎች ናቸው። አነበቡት፤ ተመካከሩ። ይጠበቅ ስለተባለ የጥንቱን ቋንቋ ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ቀዳሚውን ስፍራ ይያዝ ስለተባለም ሣጥኑን ከሁሉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት፤ በመሰላል ካልሆነ አይደረስበትም። በ1969 አዲስ ዜማ ታትሞ ወጣ። አጠር ያለ ነው፤ በየሰፈሩ ቋንቋ ይዜማል።

ዜማው ሲለወጥ አቋቋሙም ተለወጠ። መሪው «ለወገኖቼ ጀርባ ሰጥቼ መቆሜ ነውር ነው» ብሎ ወደ እነሱ ዞረ። አሁን ፀሐይዋ ከጀርባው ሆነች። መቼ እንደምትወጣ ስለማያይ በየመሃሉ ይጠይቃል፦

«ወጣች?»

«ገና ናት፣ አባ።»

ጥቂት አዚሞ ደግሞ ይጠይቃል። እነሱም እሱን ሲያዩ ቆይተው ኖሮ፣ ቀና ሲሉ ፀሐይዋ ከዓምዱ በላይ ሆናለች። ውሎ አድሮ መጠየቁ ቀረ። ብዙዎች ነገሩን ወደዱት፤ ቃሉ ገባቸው፣ የመሪያቸውንም ፊት አዩ። ይህን ያልተናገረ ተረተኛ ይቀጥፋል። በየጎጆው እርግቦች ተንበርክከው ፍሬ የሚቀበሉበት የእብነ በረድ መደገፊያ ግን ተነቀለ። አንዳንድ ቦታ የጥራጥሬ መሸጫ ባንኮኒ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ፣ በካሮላይና ጫካ፣ ዋነስ የምትባል ጫጩት ነበረች። እናቷ ማታ ማታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጥንቱን ዜማ ታስጠናት ነበር።

በ1971 ከእንግሊዝ ደሴት ደብዳቤ መጣ። የጻፉት ገጣሚዎች፣ ሙዚቀኞችና ደራሲዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከእርግቦቹ ማኅበር አልነበሩም። ይህ ዜማ ቢጠፋ የሚደኸየው ዓለም ሁሉ ነው ይላሉ። ከፈረሙት አንዷ የግድያ ታሪክ በመጻፍ ስሟ የገነነ እመት ጉጉት ናት። ባለ ቁልፉ ስሞቹን በዝምታ አንብቦ፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ «እሷማ!» ብሎ ፈቀደ አሉ፤ ለዚያች ደሴት ብቻ። የካሮላይና እርግቦች ወሬው ሲደርሳቸው ተሰብስበው መከሩ። በጫካቸው የግድያ ታሪክ የምትጽፍ ጉጉት ፈለጉ፤ አጡ።

በ1984 ለሌላውም አገር ጠባብ ፈቃድ ወጣ። የሰፈሩ ሽማግሌ ከወደደ፣ አዚያሚዎቹም በአዲሱ ዜማ ላይ ቅሬታ እንደሌላቸው በግልጽ ከተናገሩ፣ ከተራው ጎጆ ውጭ ማዜም ይችላሉ።

አያ ሽመላ በዚህ አልረካም። በአፍሪካ ብዙ ዘመን ያስተማረ፣ ክንፉ የነጣ ሽማግሌ ነው። «እኔ ስሞት መሪ የሚሾም ማን ይቀራል?» ብሎ በ1988 ሳያስፈቅድ አራት ሽማግሌዎች ሾመ። በማግሥቱ ከአገር ወጥቷል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እሱን ላልተከተሉት በልግስና ይፈቀድላቸው የሚል ወረቀት ወጣ። ታዛዦቹ ወረቀቱን ተቀብለው አመሰገኑ፤ ማንን ማመስገን እንዳለባቸው ግን እርስ በርስ ለመጠያየቅ ፈሩ።

በ2007 ባለ ቁልፉ መጽሐፍ የሚወድ፣ ድምፁ ለስላሳ እርግብ ነበር። መሰላል አስመጥቶ ሣጥኑን አወረደና፣ ይህ ዜማ ከቶም አልተሻረም፤ ማንም መሪ ያዚመው ብሎ ጻፈ። ዋነስ ያን ጊዜ እመት ዋነስ ተብላለች፤ ልጆች ወልዳ ለልጅ ልጅ ደርሳለች። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከጫጩትነቷ ጀምሮ ስትገሠጽበት የኖረችው ነገር ለካ ክልክል አልነበረም።

ጎጆዎቹ ሞሉ። የመጡት አሮጊቶች ይሆናሉ ሲባል ጫጩት የታቀፉ ወጣቶች ሆነው ተገኙ። በ2013 ለስላሳው እርግብ ቁልፉን በፈቃዱ አስቀምጦ አትክልቱ ቦታ ውስጥ ካለች ጎጆ ገባ። በምትኩ ከደቡብ ዳርቻ የመጣ ተመረጠ። ትሑት ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ በእንግዳ ማረፊያ ኖረ።

ከወጣቶቹ መካከል ግን ምላሳቸው የማያርፍ ነበሩ። አዲሱን ዜማ የሚያዜሙትን «ዶሮዎች» ይሏቸዋል፤ የባለ ቁልፉ ቁልፍ የውሸት ነው እስከ ማለት የደረሱም አልጠፉ። ቁራዎቹ ይህን አንድ በአንድ መዘገቡ። አዚሞ ወደ ቤቱ ለሚሄደው ግን በመዝገቡ ላይ ዐምድ አልተሰመረለትም።

በ2020 ቁራዎቹ ለሽማግሌዎች ሁሉ ስለ ዜማው ጥያቄ ላኩ። የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል ሲባል መልሱ ተመለሰ፤ ምን እንደሚል ግን አልታየም። በ2021 ሐምሌ ላይ ባለ ቁልፉ መልሱ እንዳሳዘነው ተናግሮ አዋጅ አወጣ። የአዋጁ ስም «የዜማው ጠባቂዎች» ነው።

አንድ እንድንሆን፣ ይላል፣ የጥንቱን የሚያዜሙ ለብቻቸው ይሁኑ። ተራ ጎጆ ውስጥ አይዜም። አዲስ ማኅበር አይቋቋም። አዲስ የተሾመ መሪ ላዚም ቢል ሽማግሌው ሮማን ይጠይቅለት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ የዜማው ሰዓት በጎጆው ማስታወቂያ ላይ እንዳይወጣ ተጨመረበት። በ2023 ደግሞ ሽማግሌው በገዛ ጎጆው ለመፍቀድም ቁራዎቹን ማስፈቀድ አለበት ተባለ።

አንዳንድ ቦታ ዜማው ወደ ስፖርት አዳራሽ ተዛወረ። አንዲት ጫጩት መንገድ ጠፍቷት በር ላይ የቆመውን ዘበኛ፣ ቆቅን፣ አገኘችው።

«ጋሼ ቆቅ፣ ዜማው የት ነው?»

«የት እንደሆነ አይነገርም።»

«ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«መንገድ ለጠፋበት አመለክታለሁ።»

«ለእኔም ያመልክቱኛ።»

ቆቅ ግራ ቀኙን ቃኝቶ በምንቃሩ ወደ አዳራሹ ጠቆመ። «እኔ አልተናገርኩም» አለ።

ከ2021 ጀምሮ በሮማ ሌላ ትልቅ ጉባኤ ተከፍቶ ነበር። ርእሱ አብሮ መጓዝና ሁሉን ማዳመጥ ነው። ጉባኤው በ2024 ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በበዓለ ኀምሳ ከፓሪስ እስከ ሻርትር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሦስት ቀን በእግራቸው የሚሄዱ ወጣት እርግቦች 18,000 ደረሱ። እየሄዱ የጥንቱን ዜማ ያዜማሉ። ድምፃቸው በዚያው በ1962 በተከፈተው መስኮት ገባ። አንድ ቁራ ብድግ ብሎ «ጸጥታ! ስለ አብሮ መጓዝ እየተመካከርን ነው» አለና መስኮቱን ዘጋው።

በካሮላይና አራት ጎጆዎች እስከዚያ ድረስ በጊዜያዊ ፈቃድ ያዜሙ ነበር። የእመት ዋነስ የልጅ ልጅ አንድ ማታ፦

«አያቴ፣ ለምን ወደ አያ ሽመላ ልጆች አንሄድም? እነሱ ማንንም አይጠይቁም» አላት።

«ዜማውን ያስተማረችኝ እናቴ፣ ባለ ቁልፉን አክብሪ ብላም አስተምራኛለች። አንዱን ይዤ አንዱን ልጣል?»

«ባለ ቁልፉ በር ቢዘጋብንስ?»

«በር ላይ እንቆማለን» አለችና እንዲተኛ ክንፏን ደረበችበት።

በ2025 ግንቦት ላይ አዲስ ባለ ቁልፍ ተመረጠ፤ የመጣውም ከእነሱው አገር፣ ከውቅያኖስ ማዶ ነው። እርግቦቹ ተስፋ አደረጉ። በሐምሌ ነፋስ ከቁራዎቹ ቤት አንድ ገጽ ይዞ ወጣ። ገጹ እንደሚለው በ2020 ከመለሱት ሽማግሌዎች የሚበዙት፣ ያለውን አትነካኩ፣ ሰላም ይደፈርሳል ብለው ኖሯል። ቁራዎቹ «ገጹ ሙሉ አይደለም» አሉ። ሙሉውን ግን አላወጡም።

ጥቅምት ገባ። በካሮላይና አራቱ ጎጆዎች ተዘጉና ዜማው በአንዲት ጎጆ ብቻ ሆነ። በዚያው ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በሮማ በራሱ በባለ ቁልፉ ታላቅ ቤት ውስጥ አንድ ቀይ ካባ የለበሰ ሽማግሌ የጥንቱን ዜማ አዜመ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር።

እመት ዋነስ ይህን ሰምታ ወደ ቀድሞ ጎጆዋ በር ሄደች። እዚህም ዘበኛው ቆቅ ነው።

«ልጄ፣ ዜማው እዚህ ለምን ተከለከለ?»

«ከባለ ቁልፉ ቤት እንዳይለየን ነው፣ እማማ።»

«በባለ ቁልፉ ቤትማ ቅዳሜ ለት ተዚሟል።»

ቆቅ መዝገቡን ገለጠ። «እዚያ ተፈቅዶ ነው።»

«እኛም እናስፈቅዳለና።»

«ለማስፈቀድ መጀመሪያ የማስፈቀጃ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«እሱንም ስጠኝ፣ እሞላለሁ።»

ቆቅ መሳቢያውን ጎርጉሮ ከሮማ የተላከ ቅጽ አወጣ። ዐይኑን አጥብቦ አየው፤ ገለበጠው፤ መልሶ አዘቀዘቀው። ከላይ እስከ ታች የተጻፈው በጥንቱ ቋንቋ ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን እንደሚል ያንብቡልኝ።»